ባዶው ግድግዳ የማን ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ጀርመን አገር ረጅም ዓመት የኖሩ አንድ አዛውንት ድሬስደን በሚገኘው የቬርሜር ሥዕል ላይ የደረሰውን እያነሡ ቅሬታቸውን ነገሩን። ሥዕሉ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ደብዳቤ የምታነብ ወጣት ሴትን ያሳያል፤ ኔዘርላንዳዊው የዴልፍት ከተማ ሠዓሊ ቬርሜር የሣለው በ1650ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

“በወጣትነቴ ሳየው ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ባዶ ነበር” አሉ። “ዓይን የሚሻማ ነገር ስላልነበረ፣ ደብዳቤው የምሥራች ይሁን መርዶ እኔው እንድገምት ይተወኝ ነበር። አሁን ግን ግድግዳው ላይ ትልቅ ኪዩፒድ፣ ያ የሮማውያን የፍቅር አምላክ፣ ቆሞበታል፤ የፍቅር ደብዳቤ መሆኑን ሳልጠይቀው ይነግረኛል። ስንት ትውልድ የወደደውን ጸጥታ ፍቀው ጣሉት።”

ሥዕል የምታስተምር አንዲት እኅት ይህን ሰምታ ዝም ማለት አልሆነላትም። “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጸጥታውን የሠራው ቬርሜር አይደለም” አለቻቸው። ኪዩፒዱ ከቀለሙ ሥር መኖሩ በ1979 በራጅ ታይቶ እንደነበር፣ የሸፈነው ግን ሠዓሊው ራሱ ነው ተብሎ ለብዙ ዓመታት እንደታመነ አስረዳች። በ2017 ጥገናው ሲጀመርና የቀለሙ ናሙና ሲመረመር፣ በኪዩፒዱና በላዩ በተቀባው ቀለም መካከል የቆሻሻ ንብርብር ተገኘ፤ ይህም ሁለቱ ቅቦች በአሥርተ ዓመታት የተራራቁ መሆናቸውን አሳየ። የጥገና ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያየ የላይኛውን ቀለም በቀዶ ሕክምና ቢላ ጥቂት በጥቂት አነሣው፤ ሥዕሉም በ2021 ለሕዝብ ታየ።

እዚህ ላይ ከወጣቶቹ አንዱ ያነሣው ነጥብ ክርክሩን አከበደው። አምስተርዳም ባለችው ወተት ቀጂ ሥዕል ላይ ቬርሜር ከሴትየዋ ራስ ጀርባ የእንስራ መስቀያ ጀምሮ በገዛ እጁ እንዳጠፋው፣ በርሊን ባለችው የዕንቁ ሐብል በምታስረው ሴት ሥዕል ላይም የግድግዳ ካርታ ሠርዞ ግድግዳውን ባዶ እንደተወው ጠቀሰ። “ባዶ ግድግዳ የወደደው እርሱ ራሱ ነው፤ ኪዩፒዱን የሸፈነው ሰው የሠዓሊውን መንፈስ ተከትሏል” አለ። አዛውንቱ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህሯ ግን ቬርሜር በሕይወቱ መጨረሻ ገደማ በሠራውና ለንደን በሚገኘው ሥዕል ላይ ያንኑ ኪዩፒድ ከሙዚቀኛዋ ሴት ጀርባ መልሶ እንደሰቀለው በማስታወስ፣ ሊያጠፋው የፈለገ ሰው እንዲህ አያደርግም አለች።

እኔ ከመምህሯ ጋር ነኝ፤ ለእኔ ያ ስስ የቆሻሻ ንብርብር ብቻውን ይበቃል። ቬርሜር በ1675 በ43 ዓመቱ ሲሞት ሥዕሉን ከሠራ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ስለዚህ ያን ያህል ዘመን የጠገበ ቆሻሻ ላይ ቀለም የቀባው እጅ የእርሱ ሊሆን አይችልም። ወጣቱ የጠቀሳቸው ሥዕሎችም የሚመሰክሩት ለዚሁ ነው፤ ሠዓሊው መሠረዝ ሲፈልግ ራሱ ሠርዟል፣ እዚህ ግን አልሠረዘም። ሥዕሉ በ1742 ለሳክሶኒው ገዢ ሲገዛ የሌላው ኔዘርላንዳዊ ሠዓሊ የሬምብራንት ነው ተብሎ ነበር። ያ የተሳሳተ ስም ተነሥቶ የቬርሜር ስም ሲመለስ፣ የለመድነውን ስም ለምን ነካችሁ ብሎ የሚሟገት ሰው ዛሬ የለም፤ ግድግዳውን ከስሙ ለይተን የምናይበት ምክንያት አይታየኝም።

የአዛውንቱን ኀዘን ግን አላቃልለውም፤ ብዙ ዓመት የወደዱት ነገር ነው። የምለያቸው ኪዩፒዱ መልሱን ጨርሶ ሰጥቷል በማለታቸው ነው። በእግሩ ሥር መሬት ላይ የወደቁ ጭምብሎች አሉ፤ እየረገጣቸው ነው። ማታለልን የሚረግጥ ፍቅር ከኋላዋ ሲቆም፣ በእጇ የያዘችው ደብዳቤ እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። ከፊቷ ባለው ምንጣፍ ላይ ሳሕኑ አዘንብሎ ፍሬዎቹ ተበትነዋል፤ አንዱ ኮክ ለሁለት ተከፍሎ በውስጡ ያለው ዘር ይታያል። በመስኮቱ መስተዋት ላይ ያረፈው የፊቷ ነጸብራቅም እንደ ድሮው ደብዘዝ ብሎ ወደ ታች እንዳየ ነው፤ ደስ ብሏት ይሁን ተከፍታ እስካሁን አልተናገረም።