ቀለህ በእጅ ይሞላ? ከመንዝ መሐል ሜዳና ከደብረ ብርሃን የተደረገ የጽሑፍ ክርክር

የክርክሩ ሐሳብ፦ ፈቃድ ያለው ሰው ለሽጉጡ ፈጣን ጥይት በእጁ እንዲሞላ ሊፈቀድለት ይገባል።

የመሐል ሜዳው፦
ሽጉጤ የተመዘገበ ማካሮቭ ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን በፈቃድ ሥር አድርጓል፤ እኔም የምጠይቀው ፈቃድ ነው እንጂ ተደብቄ ልሥራ አላልሁም። አሜሪካ ውስጥ ዒላማ ተኳሾች የተተኮሰ ቀለህ ለቅመው፣ ባሩድና የእርሳስ አረር አግብተው መልሰው ይተኩሱታል። ለእኛም አዲስ ሙያ አይደለም። አያቴ የውጅግራ ቀለህ በቀንድ ማንኪያ ባሩድ እየሰፈሩ ይሞሉ እንደ ነበር አባቴ ነግሮኛል፤ አንድም ቀን አልፈነዳባቸውም። በረት ለሚገባ ጅብ ደግሞ ቀርፋፋ ጥይት አይበቃውም።

የደብረ ብርሃኑ፦
በማንኪያ! ጋሼ፣ እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ፤ ብረት ሲደክም አውቃለሁ። ውጅግራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1874 ሥሪት፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ ጠመንጃ ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ስለሚሞላው፣ እጥፍ ልጨምር ቢሉ ቦታ አያገኙም። የዛሬ ሽጉጥ የሚተኮስበት ጭስ አልባው ባሩድ ግን ጥቂቱ ይበቃል፤ በብዙ የሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ተሳስተው ሁለት ጊዜ ቢሰፍሩ ሳይፈስ ይገባል። እርሳሱ ከተገጠመ በኋላ ማን ያየዋል? ማካሮቭ ደግሞ ሲተኮስ የሚቆለፍ ነገር የለውም፤ ግፊቱን የሚችለው የላይኛው ተንሸራታች ብረት ክብደትና ሞላው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፍጥነት ፍለጋ ግፊት ጨምሩበት! ይህን ለመንዝ የጓሮ ፋብሪካ አደራ አልሰጥም።

የመሐል ሜዳው፦
ጓሮ አልከው? መንዝ ዝተት የሚሸምን፣ የጓሳን ሣር በራሱ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ በወቅቱ የሚከፍት አገር ነው። መለካት የማያውቅ ሕዝብ እንዲህ አያደርግም። ማንኪያዋ የአያቴ ነበረች፤ እኔ የወርቅ አንጥረኛ ሚዛን አለኝ። የሰውን አባትና አገር ሳትነካ መከራከር አቅቶህ ነው?

የደብረ ብርሃኑ፦
ለ"ጓሮ" ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ማካሮቩ ግን አንዲት ቃል አልመለሱም። አንድ ሰው በቤት በተሞላ ጥይት የተበላሸ ሽጉጥ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ቀለሁ ከግርጌው በአንድ ጎን ተቀዶ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል፤ የእጀታው ልባጥ ተሰንጥቋል፤ የጥይት ካዝናው ወደ ታች ተተፍቶ ጠርዙ ተንጋዷል። አውራ ጣቱ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሎ ነበር። አልነካም ብዬ መለስሁት። "አልፈነዳም" ሲሉኝ ያ ጣት ነው የሚታየኝ።

የመሐል ሜዳው፦
ያ ሰው ሚዛን ነበረው? አልነገርከንም። እናንተ ከተማ ስትጮኹ ፖሊስ ይደርስላችኋል፤ እኛ በእኩለ ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ማንን እንጥራ? አንድ ፍሬ ጥይት ስንት እንደሚያወጣ ገበያ ወጥተህ ጠይቅ።

የደብረ ብርሃኑ፦
አሁን ደግሞ ክርክሩ የፖሊስና የገበያ ሆነ። እሺ፣ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ጥይቱን የሚተኩሱት እርስዎ ብቻ አይደሉም። የወንድምዎ ልጅ ሲያገባ "አምስት ፍሬ ይስጡን" ይባላሉ። እምቢ ይላሉ?

የመሐል ሜዳው፦
ለሰርግ አልሰጥም።

የደብረ ብርሃኑ፦
ለለቅሶስ?

የመሐል ሜዳው፦
በአባቴ ለቅሶ የተተኮሰው በገንዘቤ የገዛሁት ጥይት ነው። ከዚህ በኋላ ቤተሰቤን አታንሳ።