ተኩላውን ከተማ መረጠው፣ ዝንጀሮውን ልጅ ይጠብቀዋል

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2020 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ፣ እኔ በምኖርበት በኮሎራዶ ግዛት የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሌላም ጥያቄ ሰፍሮ ነበር። ተኩላ ወደ ግዛቱ ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚል። ኮሎራዶ ውስጥ ተኩላ ያለቀው በ1940ዎቹ ነው። ያለቀውም በሽታ ገብቶበት ሳይሆን ለገደለ ሰው ሽልማት እየተከፈለ ነው። ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ሕዝቡ ይመለስ አለ። በጣም በጠባብ ልዩነት ነው ያለፈው። በዲሴምበር 2023 ከኦሪገን የመጡ 10 ተኩላዎች ተለቀቁ።

ይመለስ ያሉት በብዛት የዴንቨርና የቦልደር ከተማ ሰዎች ናቸው። ከብት የሚረባበት የምዕራቡ ገጠር በአብዛኛው አይሆንም ብሎ ነበር። ተኩላው የተለቀቀው ግን እዚያው ገጠር ነው።

እዚህ ያለነው ሐበሾች ብዙ ነን። ዜግነት ያገኙ ወዳጆቼም ድምፅ ሰጥተዋል፣ ያውም ይመለስ ብለው። ምክንያታቸው ቅን ነው። የፈጣሪ ፍጥረት ለምን ይጥፋ ነው የሚሉት። እኔም ልቤ ከነሱ ጋር ነው። ግን ያደግሁት ደጀን፣ አባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። አውሬ ሲባል ቶሎ የሚመጣብኝ ስልክ ላይ የማየው ቆንጆ ፎቶ አይደለም። ማሳ ነው የሚመጣብኝ።

ከባድ መኪና በምነዳበት ጊዜ ለገጠር ከብት አርቢዎች ድርቆሽ አደርስ ነበር። አንዱ እስከ ዛሬ ወዳጄ ነው። ተኩላ ጥጃ በላበትና ሁኔታውን ከጅምሩ አጫወተኝ። ስልክ ደወለ፣ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ሰው መጣ። ሰውዬው የጥጃውን ቆዳ ገፎ ከሥሩ ያለውን ሥጋ አገላብጦ አየ። በሕይወት እያለ የተነከሰ ከብት ከቆዳው ሥር ደም ይቋጥራል። ሞቶ ያገኙት ከሆነ ግን የጥርሱ ምልክት ብቻ ይታያል፣ ደም የለም። እንዲህ ነው የሚለዩት። ከዚያ ፎቶ ተነሣ፣ ቅጽ ተሞላ። ሕጉ ለአንድ ከብት የገበያ ዋጋውን እስከ 15,000 ዶላር ድረስ ይከፍላል። ቆስሎ የተረፈ ከሆነም የሕክምናው ወጪ ይታሰባል። ላሞቹ በርግገው ክብደት ቢቀንሱ፣ ሳይፀንሱ ቢቀሩ፣ ለዚያም ማመልከት ይቻላል።

ወዳጄ ታዲያ ደስተኛ ነው ወይ? አይደለም። ካሳው ይዘገያል ይላል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም ይላል። ስብሰባ ሲጠራ ሄዶ ባለሥልጣኖቹ ፊት ላይ ይጮሃል። እነሱም ተቀምጠው ያዳምጡታል፣ የተናገረውም ይመዘገባል። ልብ ያልኩት ይህንን ነው። ሰውዬው ተቆጥቷል፣ ግን ብቻውን አልተተወም። ተኩላውን የመረጠው ከተሜ ካሳውን በግብር ይከፍላል። የተኩላ ሥዕል ያለበት የመኪና ታርጋም አለ። የሚፈልግ ሰው ጨምሮ ከፍሎ ይወስደዋል፣ ገንዘቡም ተኩላውን ሳይገድሉ ከከብቱ ለማራቅ ይውላል። በፈረስ እየዞሩ መንጋ የሚጠብቁ ሰዎች በደመወዝ ተቀጥረዋል። ይህ ለተኩላ ብቻ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። አጋዘን የአርቢ ድርቆሽ ሲበላም ግዛቱ ይከፍላል። ያ ገንዘብ ደግሞ አዳኞች ለፈቃድ ከሚከፍሉት የሚወጣ ነው።

አሁን ደጀን እንሂድ።

የአጎቴ ልጅ ሦስት ቃዳ መሬት አለው። አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ከፊሉ ደጋው ላይ ነው፣ ጤፍ ይዘራበታል። የቀረው ወደ ሸለቆው በሚወርደው አፋፍ ነው፣ ማሽላ ነው። ማሽላው እሸት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ሰው ከማሳው አይነጠልም። ከጎጃሙ ጦርነት በፊት አገር ቤት ስሄድ የጥበቃው ወቅት ላይ ደረስኩና ከልጁ ጋር ማማው ላይ ዋልኩ።

ማማው አራት እንጨት ተተክሎ ርብራብ የተደረገበት ነው። ልጁ ወንጭፍና ጅራፍ አለው። ድንጋዩን ከሥሩ ከምሮታል። ዝንጀሮው የሚመጣው ፀሐይ ጠንከር ከማለቷ በፊት ነው። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ወንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። አይቸኩልም፣ ማማውን ያያል፣ ልጁን ያያል። ልጁ ጅራፉን ሲያጮኽ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ አይሄድም። ዓይናችን እሱ ላይ እንደተተከለ የቀሩት በታች በኩል፣ በገደሉ ጠርዝ ገቡ። ልጁ «ወይኔ!» ብሎ ሲሮጥ አገዳው እየተንቋቋ ይሰማል። አንዱ ዘለላ ቀንጥሶ በአፉ፣ ሌላ በእጁ ይዞ ሲሸሽ አየሁት። የበላው ይቅር፣ የሰበረው ይብሳል። የተሰበረ አገዳ ላይ ያለው እሸት ፍሬ አይሆንም።

ሴት ከጠበቀች ደግሞ አይሸሽም። ይህን ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የልጁ እናት ተራዋ ሲደርስ የባሏን ካፖርት ደርባ፣ ባርኔጣውን አጥልቃ ነው ወደ ማሳ የምትወርደው።

ልጁ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበር። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም ነው። ማሽላው የሚጠበቀው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሁለቱ ይጋጫሉ። ከወንድሙ ጋር ቀን እየተካፈሉ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ማማ ይውላሉ። አባታቸውን ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፣ መልሱ ማሳው ላይ ቆሞ ይታየኛል። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። እሾህ ከበዛ አስቀድሞ የሚነቀለው እንዳትቀመጥ የሚከለክላት ነው። ለአጎቴ ልጅ ያ እሾህ የዓመቱ እህል ነው።

እንግዲህ ኮሎራዶ ውስጥ ዶላር የሚከፍለውን ዕዳ፣ ጎጃም ውስጥ የልጅ የትምህርት ቀን ይከፍለዋል ማለት ነው። ሕጉ በእኛም አገር አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ደግ አድርጓል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ አፋፍ ዝንጀሮ ማሽላውን ጨርሶበት ካሳ የተከፈለው ገበሬ ሰምቼ አላውቅም። አዋጁ ለገበሬው የሚደርሰው አትግደል በሚለው በኩል ብቻ ነው።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሚሉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ድሮ ሸለቆው ውስጥ ነብር ስለነበረ ዝንጀሮ እንዲህ አይደፍርም ነበር ይላሉ። ነብሩ ፍየል በላ ተብሎ ተገደለ፣ ጫካው ተመነጠረ፣ ማሳው ወደ ገደሉ ወረደ። ዝንጀሮው ፊት የሚኖርበት ቦታ ነው ዛሬ ማሽላ የሚዘራበት። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲናገሩ ማንንም አይወቅሱም። መሬት ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ሲካፈል ወዴት ይኬድ? ቀሪው አፋፉ ብቻ ነበር። ዱር እንስሳ ይጠበቅ የሚል ሰው ይህችን መሬት ሳያይ ቢናገር፣ ገበሬው ጆሮ ባይሰጠው አይፈረድበትም።

ይህ ነገር እንዲሁ ከተተወ የት እንደሚደርስ ለማየት ጮቄ ተራራ መውጣት ይበቃል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅባራው አለ፣ ጓሳው አለ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀይ ቀበሮም ነበረበት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ዛሬ በጠቅላላው ለአቅመ መራባት የደረሱት 500 አይሞሉም። ከጮቄ ጠፍቷል። ማንም ጥፋ ብሎ አልዘመተበትም። ገብሱና ድንቹ ዓመት በዓመት ወደ ላይ ወጣ፣ ከብቱ ተከትሎ ወጣ፣ የሚመገባቸው አይጦች መኖሪያ አጡ። በየተራራው ላይ ደግሞ ከውሻ የሚጋባው በሽታ ይጨርሰዋል። ቀበሮው ሲጠፋ ገበሬውም አልከበረም። ድንች የተተከለበት ቁልቁለት አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ወደ አባይ ይወርዳል።

ከጮቄ አባይን ተሻግሮ መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ምድር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያንን ደጋ በራሱ ደንብ ሲጠብቅ ኖሯል። ጠባቂውን ራሱ ይመርጣል። ሳሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ያጭዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሳሩም ያለ ከልካይ ተጋጠ። በኋላ ሕዝቡ እንደገና አቋቋመው። ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ፣ ጭላዳም አለ። ለእንግዳ ማረፊያም ሠርተዋል። የመንዝ ሰው ጓሳውን የጠበቀው ለቀበሮው ብሎ አልነበረም። ሳሩን ስለፈለገው ነው። ቀበሮው የተረፈው በሳሩ ጥላ ሥር ነው። እኔ ከየትኛውም የውጭ አገር ምሳሌ በላይ ይኼኛው ያሳምነኛል። ኮሎራዶ ገንዘብ አላት። መንዝ ግን ገንዘብ ሳይኖረው ነው ያደረገው።

ጣናንም ሳላነሳ አላልፍም። ሐይቁና ዙሪያው በ2015 እንደ ፈረንጆች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ባሕር ዳር የመጣ ሁሉ ጀልባ ተከራይቶ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ድረስ ይሄድና ጉማሬ ያያል። ለጀልባው ይከፍላል፣ ለአስጎብኚው ይከፍላል፣ ሆቴል ያድራል። ጉማሬው ግን ማታ ማታ ወደ የብስ ይወጣል። አንድ ጉማሬ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ይበላል። ዳር ላይ በቆሎ ካለ በቆሎውንም አይተውም፣ ያልበላውንም ይረግጠዋል። ገበሬው እሳት አንድዶ፣ ጣሳ እየመታ ያድራል። ጠዋት ቱሪስቱ ሲመጣ ጉማሬው ጠግቦ ውኃ ውስጥ ተኝቷል። ፎቶው ያምራል። ያንን ጉማሬ ያበላው ሰው ከጀልባው ኪራይ አምስት ሳንቲም አያገኝም።

ከጀልባው ቲኬት ላይ ትንሽ ተቀንሶ በሐይቁ ዳር ለሚያርሱ ቀበሌዎች ቢሰጥ ምን ይከብዳል? ጥበቃ ይቀጠርበታል፣ ማሳና ውኃው መካከል ቦይ ይቆፈርበታል። በርግጥ ዛሬ ጎጃም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ነው። ቱሪስቱም እንደ ድሮው አይመጣም፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሰው ሰውን መቅበር አልቻለም፣ አንተ ስለ ዝንጀሮ ታወራለህ የሚለኝ ይኖራል። እረዳዋለሁ። ግን ገበሬው በጦርነቱም መሃል እያረሰ ነው፣ ዝንጀሮውም ከማሳው አልወጣም። የአጎቴ ልጅ ስልክ ሲገኝ መጀመሪያ የሚነግረኝ ስለ ሰላሙ ነው፣ ቀጥሎ ስለ ማሽላው።

እኛ ውጭ ያለነው የምንችለው አለ። እዚህ ዴንቨር የአካባቢ ልጆች ተሰባስበን ገንዘብ እናዋጣለን። ለትምህርት ቤት ወንበር ልከናል፣ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ልከናል። በዚያው ገንዘብ ላይ ጨምረን ለማሽላው ወራት የማሳ ጥበቃ ደመወዝ መክፈል እንችላለን። ሥራ የሌላቸው ጎልማሶች በየአፋፉ ሞልተዋል። የአንድ ጠባቂ የሦስት ወር ደመወዝ እዚህ እኛ ለአንድ የልደት ድግስ የምናወጣውን አያህልም። ለአንድ ጎጥ አራት አምስት ሰው ቢቀጠር፣ ልጆቹ ከማማው ይወርዳሉ። ዝንጀሮውም መርዝ አይበላም። አሁን አሁን መርዝ የሚያስቀምጥ አለ፣ መርዙ ደግሞ ዝንጀሮ ብቻ አይገድልም፣ ውሻውም አሞራውም ያልቃል።

ሐሳቡን ለአጎቴ ልጅ በስልክ ነገርኩት። ወደደው፣ ግን ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። ገንዘቡ በጽሕፈት ቤት በኩል እንዳይመጣ፣ በእድሩ በኩል ይሁን አለኝ። ጠባቂዎቹንም እኛ እንምረጥ፣ ማን እንደሚተኛና ማን እንደማይተኛ እናውቃለንና አለኝ። በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ጉዳዩን ይዤ እቀርባለሁ። የደጀን፣ የሸበል፣ የእነማይ ልጆች የሆናችሁና እዚህ ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ ከመስከረም በፊት መወሰን አለብን፣ ማሽላው እሸት ከያዘ በኋላ የተላከ ብር ለዘንድሮ አይደርስም።