እርማት፦ «ግሪን ስትሪት ሁሊጋንስ» እና የአፕተን ፓርኩ ረብሻ

ፊልሙ አፕተን ፓርክ (የዌስትሃም የቀድሞ ስታዲየም) ላይ በለንደኖቹ የእግር ኳስ ክለቦች በዌስትሃምና በሚልዎል ደጋፊዎች መካከል የተነሳውን ረብሻ ተመርኩዞ የተሠራ ነው የሚል አስተያየት እዚህ ደጋግሜ አየሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና ዓመቱ አይገጥምም። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የሊግ ካፑ ረብሻ ግን በኦገስት 2009፣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው «ጂ.ኤስ.ኢ» (ግሪን ስትሪት ኢሊት) የተባለው የረብሸኛ ደጋፊዎች ቡድንም የደራሲዎቹ ፈጠራ ነው። በእውን የነበረው የዌስትሃም ረብሸኛ ደጋፊዎች ቡድን «ኢንተር ሲቲ ፈርም» ይባል ነበር (ስሙን ያወጣው ከሚሳፈርበት ባቡር ነው)። ማጣራት የሚፈልግ ፊልሙ የወጣበትን ዓመት ዌስትሃም ሚልዎልን 3 ለ 1 ካሸነፈበት የ2009 ጨዋታ ዘገባ ጋር ያስተያይ። አንዳንዶቻችሁ በፊልሙ ላይ ለሞተው ገጸ ባሕርይ «ነፍስ ይማር» እያላችሁ ነው። በ2009 በስለት የተወጋ ሰው ነበር፤ የሞተ ግን የለም።