እስኪ አምጣው ላሳይህ

ቅዳሜ ዓሳ ልናጠምድ ወንዝ ወርደን የሰባት ዓመቱ ልጄ የማጥመጃ ዘንጉን በእጁ የያዘው ስድስት ደቂቃ ነው፣ በሰዓት ይዤዋለሁ። የቀረውን የያዘው አብሮን የመጣው ጓደኛዬ ነው። "እስኪ አምጣው ላሳይህ" አለና ተቀበለው፣ በቃ፣ ሲያሳይ ዋለ። ልጅ ብይ ይዞ ካየን አምጣው፣ ብስክሌት ላይ ካየነው ውረድ ላሳይህ፣ ታብሌቱን ብቻ ነው የማንነጥቀው፣ እሱን የሚያሳዩን እነሱ ስለሆኑ።

የምንኖረው ኦሮራ ነው፣ ኮሎራዶ። ልጆቹ ከስክሪን ይላቀቁልኝ ብዬ ፍላይ ፊሺንግ ጀመርን፣ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ዴከርስ የምትባል ቦታ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይነዳል። መንገድ ላይ እናቴ ከሀዋሳ ደወለች፣ "በዝንብ ዓሳ ልናጠምድ ነው እማዬ" ስላት ኔትወርኩ ዓሳውን በላውና "ዝንብ ለማጥመድ ነው ይሄን ሁሉ የምትነዳው? ዝንብማ አሞራ ገደል ሞልቶልህ!" ብላኝ አረፈች (አሞራ ገደል የሀዋሳ ዓሳ ገበያ ነው)። እንዴት አድርጌ ላስረዳት። ዝንቡ ዝንብ አይደለም፣ ትንሽዬ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞ ዝንብ መስሎ የተሰራ ነገር ነው፣ ክብደት የለውም፣ ስለዚህ የሚወረወረው እሱ ሳይሆን ወፍራሙ ገመድ ነው፣ ገመዱ ደሞ ወደፊት እንዲሄድ መጀመሪያ ወደኋላ መዘርጋት አለበት። ከኋላ ምን አለ? ዛፍ። ዛፍ ከሌለ የአራት ዓመቷ ልጄ ጆሮ። ኮፍያና መነፅር ሳላደርግላቸው ከመኪና የማላወርዳቸው ለዚህ ነው። ዘንጉ እንደ ሰዓት ቀስት በ10 ሰዓትና በ2 ሰዓት መሀል ነው የሚመላለሰው ብዬ ለጓደኛዬ ስነግረው "በኛ ነው በነሱ?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። የምሩን ነበር።

ሶስተኛው ውርወራ ላይ ዛፍ ያዘ። "ዓሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" አልኩት፣ እሱ ያወጣው ቅርንጫፍ ነው። ይሄን ተረት እወደዋለሁ ግን ቂምም አለኝ፣ እኛ ቤት ልጅ ጥያቄ ካበዛ መልሱ ይሄው ነበር። ደሞ ዘንዶውን ማን እንዳወጣው ይነግሩሃል፣ ዓሳውን ማን እንደወሰደው ግን ትንፍሽ የለም። እኔ ልንገራችሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። 1988 ዓ.ም.፣ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ በክርና በትል ከጠዋት ጀምሬ ተጎልቼ በስንት ጊዜዬ አንዲት ቆሮሶ ዓሳ ክሩን ይዛ ጣቴን ልትቆርጠው ስትደርስ "አምጣው ላሳይህ" ብሎ ተቀበለኝና እሱ ጎትቶ አወጣት፣ እሱ አንጠልጥሎ ቤት ገባ፣ እናቴ የሱን ግንባር ሳመች። እስከዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር "ያቺን ዓሳ የያዝኩ ጊዜ" እያለ ያወራል። ያዝኩ ይላል እኮ! ሠላሳ ዓመት! እናቴም ከጎኑ ሆና "አዎ አስታውሳለሁ" ትላለች። ቆይ፣ ለማሳየት ከሆነ አፍ የለህም? እጅህን ኪስህ ከተህ በአፍህ ማሳየት ምን ይገድልሃል?

እሺ፣ ወደ ወንዙ። ጓደኛዬ በስንት መከራ አንዲት ትራውት የምትባል ዓሳ ያዘ (አዎ፣ በልጄ ዘንግ)። እጅህን አርጥበህ ያዛት፣ ደረቅ እጅ ልጋጓን ይገፈዋል አልኩት፣ እሺ አለ። ልቀቃት ስለው ግን ሰማይ ተደፋበት፣ "ልንለቃት ነው እንዴ የያዝናት?"፣ ትንሽ አሰበና "ለነገሩ ጾም ነው" (የሰኔ ጾም ነበር)፣ ደሞ ትንሽ አሰበና "ዓሳ በጾም ይበላ የለም እንዴ?" እኔም አላርፍም፣ አይበላም አልኩ፣ ይሄ ክርክር ደሞ አንዴ ከተጀመረ ቄስ ቢመጣም አይገላግለውም፣ ዓሳዋ መሀል ላይ ተወራጭታ ሄደች፣ እኛ አላየናትም።

ኮሎራዶ ውስጥ እኮ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ላይሰንስ አያስፈልግም፣ ለትልቅ ሰው ነው የግድ የሚሆነው። እኔ አውጥቻለሁ፣ ጓደኛዬ አላወጣም። ስጠይቀው "እኔ መች አጠመድኩ፣ ልጁን እያሳየሁት ነው።" ማለት፣ ሰዓቱን ሙሉ የማጥመድ መብት የነበረው ሰው ውሃው ዳር ቁጢጥ ብሎ ድንጋይ ይገለብጣል።

"ባባ ሉክ (እይ)፣ ቤት ሰርቷል!" አለኝ ልጄ። ድንጋዩ ሆድ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቱቦ ተለጥፋለች፣ የአሸዋ ቅንጣት በቅንጣት ላይ ተጣብቆ የተሰራች፣ ከአፏ አንዲት ትል ጥቁር ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ መለስ አለች። ካዲስ የምትባል በራሪ ነፍሳት እጭ ነች። ትራውት ውሃ ስር ከሚበላቸው አንዷ፣ እኛ ከላይ ላባ ስናንሳፍፍለት። እህቱም ልታይ ስትጋፋ "እስኪ አምጣው ላየው" ብዬ ድንጋዩን ተቀበልኩት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ገለባበጥኩት፣ ሲሉኝ የነበረውን አልሰማሁም። ያልኩትን ልብ ያልኩት ማታ መኪና ውስጥ ነው፣ ሁለቱም ተኝተው።

ለማንኛውም፣ ዘንጉን ነበር የማወራው። ጓደኛዬ ሰኞ ደወለ፣ ዘንግ ገዝቷል፣ የልጅ ዘንግ፣ "ለልጄ ነው፣ ቅዳሜ እንሂድ" አለኝ። ልጁ ስምንት ወሩ ነው።