ናዌታንስ የት ገባ?

ስለ ጋምቢያ እግር ኳስ ሊግ የጻፋችሁት ጽሑፍ አሪፍ ነው። ግን ጋምቢያ እ.ኤ.አ. በ2022 ካሜሩን ላይ፣ ገና በመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫዋ ሩብ ፍጻሜ የደረሰችው "በሊጓ ጥንካሬ ነው" የሚለው አልተዋጠልኝም። የዚያ ቡድን ልጆች አብዛኞቹ እንጀራቸው ውጭ ነበር። ሙሳ ባሮው የባንጁሉ ክለብ የሃውክስ ልጅ ነው፤ ገና በለጋነቱ የጣሊያኑ አታላንታ ወሰደው። አብሊ ጃሎውም ከጋምቢያው ክለብ ሪያል ደ ባንጁል ወደ ሴኔጋሉ ጄኔራሲዮን ፉት፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳዩ ሜትስ። ሊጉ ልጅ ያወጣል እንጂ አያቆይም።

ደግሞ ናዌታንን እንዴት ትዘሉታላችሁ? ሊጉ ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ ሰፈር ከሰፈር የሚፋለምበት ውድድር ነው። ሕዝቡን ነቅሎ ሜዳ የሚያወጣው እሱ ነው። የሊግ ተጫዋቾችም ለሰፈራቸው ማልያ ይለብሳሉ። ለሊጉ ክለብ ለዋሊዳን ዋንጫ ያልጮኸ ሰው ለሰፈሩ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል።

የሜዳው ነገር ግን እኛንም ይነካናል። ጋምቢያ፣ ባካው ከተማ ያለው ኢንዲፔንደንስ ስታዲየም በካፍ ታግዶ፣ ብሔራዊ ቡድኑ "የሜዳውን" ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ነበር። ዋልያዎቹን ያየ ይህን ያውቀዋል። በነገራችን ላይ ጋምቢያን ለዚያ ሩብ ፍጻሜ ያደረሳት ቶም ሴንትፊት እ.ኤ.አ. በ2011 የእኛ አሰልጣኝ ነበር፤ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ሄደ።