ቤዙን የሚጫወተው ማን ነው?

እዚህ አሜሪካ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው በቅርቡ ቤቱ ጠርቶኝ፣ ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ባንድ ሦስት አልበሞች ከማታው አንድ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ሲከራከሩ ስሰማ አመሸሁ። በዚያ ምሽት አንዲት ጥያቄ ተጠየቅሁ። ጥያቄዋ ቀላል ነበረች፤ መመለስ አለመቻሌ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ይህን የምጽፈውም ሌላውን የአገሬን ሰው እንዲሁ እንዲቆረቁረው ስለምፈልግ ነው።

ባንዱ ቢግ ስታር ይባላል። በ1971 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ተመሠረተ፤ ስሙን የወሰደው ከሚቀዱበት ስቱዲዮ አቅራቢያ ከነበረ የምግብ ሸቀጥ መደብር ነው። አባላቱ አሌክስ ቺልተን፣ ክሪስ ቤል፣ አንዲ ሀመልና ጆዲ ስቲቨንስ ነበሩ። የሚጫወቱት ፓወር ፖፕ የሚባለውን ሙዚቃ ነው፤ ዜማው እንደ ቢትልስ ቶሎ ልብ ውስጥ የሚገባ፣ ድምፃውያኑ የሚቀባበሉበት፣ ጊታሩና ድራሙ ግን ጠንከር ያለ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1972 ሲያወጡ «ቁጥር አንድ ሸክላ» ብለው ሰየሙት። ሐያስያን አወደሱት፤ ሸክላው ግን ሱቅ አልደረሰም። የማከፋፈሉን ሥራ የያዘው ስታክስ የሚባለው ኩባንያ የታወቀው ሶል በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ስለነበር፣ የሮክ ሸክላ ወደሚሸጥባቸው መደብሮች ማድረስ አልቻለም፤ በኋላ ሥርጭቱ ወደ ሌላ ትልቅ ኩባንያ ሲዞርም ነገሩ አልተሻሻለም። በጊዜው የተሸጠው ከ10,000 ቅጂ በታች ነው። ክሪስ ቤል በዚህ ልቡ ተሰብሮ ባንዱን ለቀቀ። የቀሩት ሦስቱ በ1974 «ሬዲዮ ሲቲ»ን አወጡ፤ እርሱም በተመሳሳይ ምክንያት ሳይሸጥ ቀረ። ሦስተኛው በዚያው ዓመት ቢቀዳም የሚያሳትመው ጠፍቶ እስከ 1978 ቆየ። ቤል በዚያው በ1978 ታኅሣሥ፣ በ27 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ።

የባንዱ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ሦስት ሰዎች እነዚህን ሦስት ሸክላዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው የትኛው እንደሚበልጥ እየተከራከሩ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ስልሳዎቹን ያለፈ ሰው ሲሆን፣ የሚሟገተው ለመጀመሪያው ነው። ቤልና ቺልተን አብረው የሠሩት እርሱን ብቻ ስለሆነ፣ የአንዱ ልስላሴና የሌላው ሻካራነት የሚገናኙት እዚያ ብቻ ነው ይላል። ጊታር የሚያስተምረው ጎረቤቱ ደግሞ «ሬዲዮ ሲቲ»ን ይዞ አልለቅም አለ። ሦስተኛዋ የባለቤቱ የወንድም ልጅ ናት። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ወጣት ናት፤ ከሁሉም የሚበልጠው ሦስተኛው ነው ብላ ስትከራከር ግን ለአጎቷ አንዲት ጋት አልሸሸችለትም።

መጀመሪያ ላይ አበሳጩኝ። አንድ ዘፈን ገና መስማት ስጀምር መርፌውን ያነሡታል፤ «እዚህ ጋ ድራሙን ስማው» ይሉና መልሰው ያስቀምጡታል። ጊታር አስተማሪው የአንዱን ዘፈን መግቢያ አራት ጊዜ አሰማን፤ ቤል ከሄደ በኋላ ቺልተን ሁለት ጊታር ይሠራው የነበረውን ሥራ በአንድ ጊታር እንዴት እንደሸፈነው ሊያሳየን ነው። በአራተኛው ጊዜ እኔም ሰማሁት፤ ጊታሩ ዜማውንም ምቱንም አንድ ላይ ተሸክሞ፣ ሊወድቅ ሲል እየተነሣ ይሄዳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእኔም ድምፅ ለ«ሬዲዮ ሲቲ» ነው። ከሦስቱ የጎደለ ሰው እንዳለ የሚሰማበት እርሱ ይመስለኛል፤ ያ ጉድለትም ለሙዚቃው ነፍስ ሰጥቶታል። የሸክላውን ሽፋን ለረጅም ጊዜ በእጄ ይዤ አየሁት። ዊልያም ኤግልስተን ያነሣው ፎቶግራፍ ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ ጣሪያ፣ መካከሉ ላይ አንድ ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፑል፣ ከአምፑሉም በየአቅጣጫው የተዘረጉ ነጫጭ የኤሌክትሪክ ገመዶች። የባንዱ አባላት ፊት የለበትም። በእኛ ካሴት ሽፋን ላይ ከድምፃዊው ፊት በቀር ምንም እንደማናይ ያሰብሁት ያኔ ነው።

የልጅቱ ክርክር ግን ከሁሉ ይበልጥ ያዘኝ። ሦስተኛው አልበም ሳይቋጭ የቀረ ሥራ ነው፤ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል እንኳ በባንዱ አልተወሰነም፤ በየጊዜው ያሳተሙት ኩባንያዎች እየራሳቸው ደርድረውታል። እርሷ የራሷን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፋ ይዛ መጥታለች። ለምን በዚህ ዘፈን ጀምራ በዚያኛው እንደምትጨርስ ስታስረዳ፣ የሕግ ሰው ፍርድ ቤት ፊት ቆሞ የሚከራከር ይመስል ነበር። «ካንጋ ሩ» የሚባለውን ዘፈን ቺልተን ድምፁንና ጊታሩን ሊነጣጠሉ በማይችሉበት ሁኔታ በአንድ መስመር ላይ ቀድቶ እንዳመጣው፣ ፕሮዲዩሰሩ ጂም ዲኪንሰንም በዚያ ላይ የሌሎቹን መሣሪያዎች ድምፅ እንዴት እየጨመረ እንደገነባው ነገረችን። ዘፈኑ ሲቀዳ እርሷ አልተወለደችም፤ የእናቷ መወለድም ያጠራጥራል። የስቱዲዮውን መሥራች የጆን ፍራይን ስም፣ የቀረጻውን ቦታ፣ በየዘፈኑ ላይ ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙን የታችኛውን ድምፅ የሚያወጣውን ጊታር፣ የተጫወተውን ሰው ታውቃለች።

ጥያቄዋ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። ከስልኳ የማህሙድ አህመድን «እረ መላ መላ» ከፈተች። ልቤ ደስታውን አልቻለውም። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ታውቃለችና ልታስደስተኝ ነው የከፈተችው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ፣ «ይህ ቤዝ እኮ ዘፈኑን ተሸክሞታል፤ ቤዙን የሚጫወተው ማን ነው?» አለችኝ።

አላውቅም። ዘፈኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቃል በቃል እዘፍነዋለሁ፤ በሰርግም በለቅሶ ማግስትም ሰምቼዋለሁ። ቤዙን የሚጫወተውን ሰው ግን አላውቅም። ከዚያ የባሰው፣ እስከዚያች ምሽት ድረስ ማን እንደሆነ ጠይቄ አለማወቄ ነው። ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ፣ ዘፈኑ በ1975 ሲወጣ ያጀበው አይቤክስ ባንድ መሆኑን፣ በባንዱ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታር የሚጫወተውም ሰላም ሥዩም መሆናቸውን የነገረችኝ እርሷ ናት። የሮሃ ባንድ ዋና ሰዎችም እነርሱ ናቸው። በሮሃ የታጀቡትን ካሴቶች እየሰማሁ አድጌ፣ የሰዎቹን ስም ከአንዲት የሜምፊስ ባንድ አፍቃሪ ሰማሁ።

የእኛ ሰው ሙዚቃ በጥሞና አያዳምጥም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም አንዲት ስንኝ ይዘን ሌሊቱን የምናነጋ ሰዎች ነን። ሰሙን ለይተን፣ ወርቁን ቆፍረን፣ «ይህን ያለው ለእገሌ ነው» ብለን፣ ግጥሙን የጻፈውን አመስግነን እንለያያለን፤ እነዚያ ሦስት አሜሪካውያን ስለ ግጥሙ አሥር ደቂቃ እንኳ አልተናገሩም። ጆሯችን ቃሉ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይደርስብንም። ከቃሉ በታች ያለው ግን ለእኛ «ሙዚቃው» ነው፣ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ። ክርክራችንም ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ሰውየው ይሆናል። ጥላሁን ወይስ ማህሙድ ተብሎ ይጀመርና፣ ሁለት ብርጭቆ ሳይወርድ ማን ለማን ምን እንዳደረገ፣ ማን አገር ጥሎ እንደወጣ፣ ማን በችግር እንደሞተ ወደ ማውራት ይገባል። የየትኛው ድምፃዊ የትኛው ካሴት ከራሱ ከሌላው ካሴት ይበልጣል፣ ለምንስ ይበልጣል የሚል ክርክር ግን ተቀምጬ የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም።

ይህንን ለመፈተን ብዬ ባለፈው እሑድ እዚሁ ያሉ ጓደኞቼ በተሰበሰቡበት አነሣሁት። «ከሮሃ ባንድ ሥራዎች ለእናንተ የሚበልጠው የትኛው ነው?» አልኋቸው። የመጀመሪያው መልስ «ሮሃ ዘፍኖ ያውቃል እንዴ?» የሚል ነበር። ሌላው «የኤፍሬም ታምሩን ማለትህ ነው?» አለኝ። ሦስተኛው ልጅነቱን አስታውሶ ስለ ሰፈሩ ሙዚቃ ቤት አወጋን፤ ወጉ ደስ የሚል ነበር፣ ጥያቄዬ ግን እዚያው ሰጠመ። እነዚህ ሰዎች ሙዚቃ ይወዳሉ። ያሳዘነኝም ይህ ነው፤ የሚወዱትን ነገር የሠሩትን እጆች አያውቋቸውም።

የሠሪዎቹ ስም በወጉ ተሰብስቦ ሸክላዎቹ ዳግም የታተሙት በአብዛኛው በውጭ ሰዎች እጅ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ባያሳትም ኖሮ ያቺ ወጣት «እረ መላ መላ»ን የምታገኝበት መንገድ መኖሩን እጠራጠራለሁ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ከኋላው የተቀመጡት አበሾች ስንት ይሆኑ? ሥራው ከ2013 ጀምሮ ዳግም ታትሞ ወደ መድረክ የተመለሰው አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቱን አግኝቶ፣ ሰምቶ፣ «ይህ ሰው የት ነው?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። ቢግ ስታርንም ያዳነው ይኸው ነው፤ የሰሙት ጥቂቶች መጠየቃቸውን አላቋረጡም። በ1993 ቺልተንና ስቲቨንስ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ዳግም መድረክ ላይ ሲወጡ፣ የጎደሉትን ሁለት ቦታዎች የያዙት በእነዚያ ሳይሸጡ በቀሩ ሸክላዎች ያደጉ ሁለት ወጣት ሙዚቀኞች ነበሩ።

ከዚያ ምሽት በኋላ አዲስ አበባ ወዳለችው ታላቅ እኅቴ ደወልሁ። የአባታችን ካሴቶች አሁንም በቁም ሣጥኑ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አሉ። «እትዬ፣ እስኪ አንዱን አውጪና ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አልኋት። የመሳቢያው መንጓጓት፣ ከዚያም የፕላስቲኩ ክዳን ቀጭ ሲል በስልኩ ተሰማኝ። መነጽሯን ፈልጋ ተመለሰችና ቀስ እያለች አነበበችልኝ። የድምፃዊው ስም፣ የግጥምና የዜማ ደራስያኑ ስም፣ የሙዚቃ ቤቱ ስምና የስልክ ቁጥር አለ። ከታች በትናንሹ «አጃቢ ሮሃ ባንድ» ይላል።

«ከእርሱ ቀጥሎስ?» አልኋት።

«አበቃ እኮ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ‹ማባዛት ክልክል ነው› የሚለው ነው።»

ሌላውን እንድታወጣ ለመንኋት። በዚያ ምሽት ዐሥራ አንድ ካሴት አነበበችልኝ፤ የቀሩትንም በየቅዳሜው ልንቀጥል ተስማምተናል። የሰማሁትን በአንድ ደብተር ላይ እየመዘገብሁ ነው። በግራ በኩል የካሴቱን ስም፣ በቀኝ በኩል ለጊታር፣ ለቤዝ፣ ለድራም፣ ለኦርጋን፣ ለሳክስፎን አንድ አንድ መስመር ከፍቻለሁ፤ አብዛኞቹ መስመሮች ገና ባዶ ናቸው።