ገዳዩን ሶፋ ላይ ሆነው የያዙ ጀግኖች

አሜሪካ ውስጥ ከወንዝ የወጣት አስከሬን በወጣ ቁጥር፣ ሐኪሙ ጓንቱን ሳያጠልቅ ፍርዱን የሚሰጡን ሊቃውንት ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? አስከሬን የሚመረምረው ሐኪምማ ምስኪን ነው። ሳንባውን ያያል፣ ደሙን ለላቦራቶሪ ይልካል፣ ሳምንታት ይጠብቃል፤ በመጨረሻ «ሰጥሞ ነው የሞተው» ብሎ ይጽፋል። ሟቹ ይውደቅ፣ ይገፋ፣ ወይስ ራሱ ይግባ፣ አስከሬኑ ብቻውን ስለማይነግረው አንዳንዴ «ሊታወቅ አልቻለም» ብሎ ፋይሉን ያስቀምጣል። እንዴት ያለ ድፍረት ማጣት ነው! የእኛ ሊቃውንት ሶፋ ላይ ጋደም ብለው የሟቹን ፎቶ አንድ ጊዜ ያዩና «ተገፍቶ ነው!» ይላሉ። አለቀ።

ሙያው እንዲሁ የመጣ አይደለም፣ አባቶች አሉት። ጡረታ የወጡት የኒው ዮርክ መርማሪ ፖሊሶች ኬቪን ጋነንና አንቶኒ ዱዋርቴ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ብቅ ብለው፣ በ11 ግዛቶች ውስጥ የሰጠሙ ከ40 በላይ ወጣት ወንዶች፣ አብዛኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ በተደራጀ ቡድን ሳይገደሉ አልቀሩም አሉ። ዋናው ምልክት ምን መሰላችሁ? በአንዳንዶቹ ቦታ አካባቢ ግድግዳ ላይ ተስሎ የተገኘ ፈገግ ያለ ክብ ፊት። ሃርቪ ቦል የሚባል ሰዓሊ በ1963 ለአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የሣለው ያ ቢጫ ፊት፣ ካናቴራና ኩባያ ላይ ሳይቀር ዓለምን የሞላው፣ የነፍሰ ገዳይ ፊርማ ሆኖ አረፈው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስንሰማ ያደግን ሰዎች እንኳ ይህን ያህል ቃል በቃል አልወሰድነውም ነበር።

ኤፍ ቢ አይ በዚያው ዓመት ሞቶቹን የሚያገናኝ ማስረጃ እንዳላገኘና አብዛኞቹ ከመጠጥ ጋር የተያያዙ መስጠሞች እንደሚመስሉ ተናገረ። ሊቃውንቱ ግን በዚህ አይሸወዱም። ማስረጃ ከተገኘ ገዳይ አለ፤ ካልተገኘ ደግሞ ገዳዩ ጎበዝ ነው። በዚህ ሚዛን የሚሸነፍ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ገዳዩንም ቢሆን ማድነቅ ነው። የሥራ ሰዓቱ መጠጥ ቤት ከሚዘጋበት ሰዓት ጋር ደቂቃ አይዛነፍም። ስካር ላይ ያለውን ጎረምሳ ይመርጣል፤ ቦርሳና ስልኩን ብዙ ጊዜ አይነካም፤ የሚታይ ቁስልም አይተውም። እንግሊዝ ውስጥ ማንችስተር ከተማ በ2015 «ገፊው» የሚል ስም ወጥቶለት ቦዮቹ ዳር ተወራለት፤ በ2023 ደግሞ አሜሪካ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ባለው ሐይቅ ዳር፣ ሬይኒ በሚባለው የመጠጥ ቤቶች ሰፈር፣ ተከሰተ ተባለ። ፖሊስ በሁለቱም ቦታ አላየነውም አለ። ሊቃውንቱ አይተውታል።

ላክሮስ ግን ልዩ ናት። ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች፣ ሦስት ኮሌጅና ብዙ ቢራ ያላት የዊስኮንሲን ከተማ ነች። ከ1997 ጀምሮ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ስምንት ያህል ወጣት ወንዶች ወንዙ ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ከተማውም «ተከታታይ ገዳይ አለ» እያለ ፖሊሱን ወጥሮ ያዘ። ኋላ ላይ ተማሪዎች ራሳቸው ሌሊት ወንዙ ዳር እየተዘዋወሩ የሚንገዳገደውን ሁሉ ወደ ቤቱ መመለስ ጀመሩ። ያን ሁሉ መርማሪ ያሞኘ የገዳይ ቡድን ቢኖር ኖሮ ተማሪ ፈርቶ ነው የሸሸው ማለት ነው! ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካህ ሳታስበው አፍህን ከፍተህ አየር እንደምትስብ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ጣቶችህ ገመድ መያዝ እንደሚያቅታቸው የሚያወራ ሰው ከሊቃውንቱ ማኅበር ይባረራል፤ ወሬውን ያቀዘቅዛላ።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልናገር። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በ2002 የጠፋ አንድ ተማሪ ከወራት በኋላ ሚሲሲፒ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ቤተሰቦቹ አንለቅም ብለው ከያዙ በኋላ በ2006 ፖሊስ ሞቱን ወደ ግድያ ቀየረው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ፖሊስ ይሳሳታል፤ የአንዲት እናት ጥርጣሬም እውነት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ይህን ያመጣው የአንድን ልጅ ፋይል መልሶ መላልሶ ማገላበጥ ነው። ሊቃውንቱ ግን አንዱን ፋይል ለአርባው ሁሉ ምስክር አደረጉት። አሁን ልጇ ተገፍቶ እንደሆነ የምትጠይቅ እናት ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ፈገግ ያለ ፊት ፎቶ አንስተው የመጡ አሥር ሰዎች ቀድመዋት ተሰልፈው ታገኛለች። እነሱን ሰምቶ የሰለቸ መርማሪ እሷን በምን ጆሮው ይሰማታል?

ኦስቲን ግን ሐይቁ ዳር አጥርና መብራት ተከለች። ሊቃውንቱ ይህንንም መርምረዋል፦ ከተማው ገዳይ ከሌለ አጥሩን ለማን አጠረው?